ከባጃጅ ውስጥ ያነሳኋቸውን ፎቶዎች ጥቁርና ነጭ ላድርጋቸው ወይስ በቀለማቸው ልተዋቸው?

ባለባጃጁ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ሀዋሳ ነው የምኖረው። ባጃጅ እነዳለሁ፤ ቅዳሜና እሁድ ሠርግ ሲገኝ ሁለተኛ ካሜራ ሆኜ እወጣለሁ። ካሜራዬ ያገለገለ ካኖን ነው፤ ያለኝም አንድ 35 ሚሊሜትር ሌንስ ብቻ ነው፣ ዙም የለውም።

ከዓመት በላይ ሆነኝ፣ ተራ ስጠብቅ ካሜራውን ጭኔ ላይ አድርጌ ከወንበሬ ሳልነሳ አነሳለሁ። እየነዳሁ አይደለም፣ ቆሜ ነው፤ ይህን ቀድሜ ልናገር። ባጃጅ ውስጥ ተቀምጦ ለሚያይ ሰው ከተማው ተቆራርጦ ነው የሚመጣው። ፊት ለፊት መስታወቱ አለ፣ በግራና በቀኝ ስፖኪዮዎቹ አሉ፣ በጎን በር የሚባል ነገር የለም፣ ሸራው ብቻ። ከላይ ቀይ ዘርፍ ተንጠልጥሏል፣ ጥግ ላይ የገብርኤል ሥዕል ተለጥፏል። እኔ እነዚህን ከፎቶው ለማውጣት አልሞክርም፤ አብረው ይገባሉ።

ሦስቱን ልግለጽላችሁ፤ ማያያዣው ከታች አለ።

አንደኛው አሞራ ገደል ነው። ፊት ለፊት መስታወቱ ላይ አባ ኮዳ ክንፉን አጥፎ ቆሟል፤ በቀኙ ስፖኪዮ ደግሞ አንድ ልጅ ቆሮሶ ዓሣ እየገፈፈ ነው፣ እጁ እስከ አንጓው ቅርፊት በቅርፊት ሆኗል። ሁለተኛው ክረምት ላይ አሮጌ ገበያ አጠገብ የተነሳ ነው። ሸራውን አውርጄዋለሁ፣ በላስቲኩ መስኮት ውስጥ የእንሰት ቅጠል ራሷ ላይ የደፋች ሴትዮ ትታያለች፣ ውሃው ላስቲኩ ላይ እየወረደ አረንጓዴውን አበላሽቶታል። ሦስተኛው ከኋላ የተቀመጡ ሦስት ተማሪዎች በውስጠኛው መስታወት፤ ዩኒፎርማቸው ሐምራዊ ነው፣ ዘርፉ ግንባራቸው ላይ ወርዶ።

ችግሬ ይኸውላችሁ። አንድ ኤግዚቢሽን ሊከፈት ነው ተብሎ ፎቶዎቼን አሳየሁ። ያየልኝ ሰውዬ የተማረ ነው፣ ሥልጠናም ይሰጣል። «ዐይን አለህ፤ ግን ቀለሙ ጫጫታ ነው። ሁሉንም ጥቁርና ነጭ አድርገህ አምጣ፣ ያኔ አርት ይሆናሉ» አለኝ። ቤት ገብቼ ሞከርኩት። ዘርፉ፣ ሸራው፣ የዓሣው ደም፣ ዩኒፎርሙ፣ ሁሉም አመድ መሰለ። እውነት ለመናገር «ከበድ» ያለ ይመስላል፤ ግን የማን ከተማ እንደሆነ ጠፋኝ።

ጥያቄዬ ሁለት ነው። በቀለም ብቻ ሠርቶ በዓለም የተከበረ፣ እንደኛ ዓይነት ፀሐይና አቧራ ባለበት አገር ያነሳ ሰው አለ ወይ? ሁለተኛ፣ ከተሽከርካሪ ውስጥ ማንሳት ተንኮል ብቻ ነው ወይስ ራሱን የቻለ ሥራ ሊሆን ይችላል?

ሌላኛው ተራ፦

ወንድሜ መጀመሪያ የተራ አስከባሪዎቹን ፈቃድ አምጣ ሃሃሃ። ፎቶዎቹን አይቻቸዋለሁ፣ የዓሣው ልጅ አንደኛ ነው። ስለ አርት አላውቅም፤ ግን ያ ዘርፍ ቀይ ካልሆነ ባጃጁ የማን ይሆናል?

ጨለማ ክፍል፦

ልጄ፣ ፎቶዎችህን ትልቁ ስክሪን ላይ ከፍቼ አየኋቸው። መልሴ አጭር ነው፤ ቀለሙን አትንካ። ምክንያቱ ግን ረዘም ስለሚል ተራ ይዘህ ስትቆም አንብበው።

ቀድሞ ስለ ራሴ፤ ከየት ተነስታ ነው እንዳትል። በደርግ ጊዜ እዚሁ ሀዋሳ ፎቶ ቤት ተቀጥሬ ፊልም ማጠብ ጀመርኩ፣ ዲጂታል መጥቶ ቤቱ እስኪዘጋ ከጨለማ ክፍል አልወጣሁም። ዩኒቨርሲቲው ውስጥ የሚያስተምር አንድ የሕንድ መምህር ደንበኛችን ነበር፤ ወደ አገሩ ሲመለስ አንድ ከባድ መጽሐፍ ትቶልኝ ሄደ። የራጉቢር ሲንግ «የቀለም ወንዝ» የሚባለው ነው፣ በ1998 የታተመው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው።) መዝገበ ቃላት ይዤ ጽሑፉን ጨርሼዋለሁ። ለጥያቄህ ከዚህ ሰው የተሻለ መልስ አላውቅም።

ራጉቢር ሲንግ በ1942 ጃይፑር፣ ራጃስታን ውስጥ ተወለደ። የመሳፍንት ቤት ልጅ ነው፤ አያቱ የጃይፑር ጦር አዛዥ ነበሩ። ሕንድ ነፃ ስትወጣ የመሳፍንቱ ነገር ቀረ፣ የቤቱም ሀብት እየሳሳ ሄደ። ዴልሂ ኮሌጅ ገብቶ አቋረጠ። ካልካታ ወርዶ የሻይ ቅጠል ኩባንያ ውስጥ ሥራ ፈለገ፣ እሱም አልሆነለትም። ካሜራ የያዘው እንግዲህ ሌላው በር ሁሉ ሲዘጋበት ነው። ትምህርት ቤት ገብቶ የተማረው ሙያ አይደለም። በልጅነቱ ፈረንሳዊው ፎቶ አንሺ አንሪ ካርቲዬ ብሬሶን ስለ ጃይፑር ያወጣውን መጽሐፍ አይቶ ነበር፤ በ1966 ደግሞ ሰውዬው ራሱ ጃይፑር መጥቶ ሲሠራ ቆሞ ተመለከተው። ካልካታ ውስጥ ከፊልም ሠሪው ሳታጂት ራይ ጋር ተዋወቀ፤ በኋላ ለራጃስታን መጽሐፉ መግቢያ የጻፈለት እሱ ነው።

እዚህ ላይ ነው ያንተ ሰውዬ ነገር የሚመጣው። በዚያን ጊዜ ቁምነገረኛ ፎቶ አንሺ ጥቁርና ነጭ ነበር የሚያነሳው። ቀለም የማስታወቂያና የሽርሽር ነገር ተደርጎ ይታይ ነበር። ካርቲዬ ብሬሶን ቀለም አይወድም ነበር። አሜሪካዊው ዎከር ኢቫንስ የቀለም ፎቶ ባለጌ ነገር ነው ብሎ ጽፏል፤ (በስተርጅናው ግን ፖላሮይድ ይዞ ራሱ ቀለም ማንሳት ጀመረ፣ ይህን ለሰውዬህ ንገርልኝ)። ራጉቢር ሲንግ ከካርቲዬ ብሬሶን የወሰደው አቋቋሙን ነው፦ እግሩን፣ ፍጥነቱን፣ ብዙ ነገር አንድ ክፈፍ ውስጥ ሲገጣጠም መጠበቁን። ጥቁርና ነጩን ግን አልወሰደለትም። ስለ ጋንጅስ ወንዝ ያወጣው የመጀመሪያ መጽሐፉ 1974 ላይ ሲታተም በቀለም ነው። ፈረንጆቹ ቀለም ሙዚየም ገባ ብለው የሚቆጥሩት የዊሊያም ኤግልስተን የኒውዮርክ ኤግዚቢሽን 1976 ነው። ልዩነቱን አንተው ቁጠረው።

ስለ ፊልሙ ትንሽ ልበል፤ የእኔ ሙያ ስለሆነ አላልፈውም። የሚጠቀመው ኮዳክሮም ነበር። ይህ ፊልም እኛ ፎቶ ቤት የምናጥበው ዓይነት አይደለም። የተለመደው የቀለም ፊልም ቀለም የሚያወጣው ቅመም ገና ከፋብሪካው ውስጡ አለ፣ አጣቢው ያስነሳዋል እንጂ አይጨምርበትም። ኮዳክሮም ግን ብርሃኑን የሚይዘው በጥቁርና ነጭ ንብርብር ነው፤ ቀለሙ አንድ በአንድ የሚገባው ሲታጠብ ነው። ስለዚህ ማንም ከተማ ውስጥ በባልዲ ልታጥበው አትችልም፣ የራሱ ማሽንና የራሱ ባለሙያ ይፈልጋል። ፍጥነቱ (ብርሃን የመያዝ አቅሙ፣ ካሜራህ ላይ ISO የሚለው) ደግሞ 25 ወይም 64 ነው። ያንተ ካሜራ ማታ መብራት ሥር ስንት ላይ እንደምታደርገው አስበውና 64 ይዞ የካልካታን ጠባብ መንገድ የሚያነሳን ሰው ገምት። ብርሃኑን ትንሽ ካሳትከው ስላይድ (ፊልሙ ራሱ የመጨረሻው ምስል የሆነ) ነውና ማተሚያ ላይ የምታስተካክለው ነገር የለም፣ አበቃ። በዚያ ላይ ሕንድ ውስጥ ፊልሙ እንደልብ አይገኝም ነበር፤ እሱ እንደ ናሽናል ጂኦግራፊክ ላሉ መጽሔቶች ስለሚሠራ ነው የሚያገኘው። ኮዳክሮም በ2009 ማምረቱ ቀርቷል።

አሁን ወደ ሐሳቡ። ራጉቢር ሲንግ በዚያ መጽሐፍ መግቢያ ላይ የሚለው ባጭሩ ይህ ነው፦ ፎቶግራፍ የሕንድ ፈጠራ ቢሆን ኖሮ ስለ ቀለም ክርክር ባልተነሳ ነበር። የድሮዎቹ የሕንድ ቤተ መንግሥታት፣ የራጅፑትና የሙጋል ሠዓሊዎች ትናንሽ ሥዕሎች በቀለም የተሞሉ ናቸው፤ ሕንዳዊ ዓለሙን የሚያየውም የሚያመልከውም በቀለም ነው። ጥቁርና ነጭ ከምዕራቡ ሰው ብቸኝነትና ሞት ፍርሃት ጋር የተያያዘ አስተያየት ነው፣ እኔ ያንን ልበደር አልችልም ይላል።

እኔ ይህን ሳነብ መጽሐፉን አጥፌ ሳቅኩ። ፎቶ ቤት ስቀጠር የመጀመሪያ ሥራዬ ምን ነበር? በጥቁርና ነጭ ፎቶ ላይ በቀጭን ብሩሽ ከንፈር ማቅላት፣ የቀሚስ ጥለት አረንጓዴ ማድረግ። ደንበኛው ጥቁርና ነጭ ስለሆነበት ተጨማሪ ገንዘብ ከፍሎ ቀለም ያስቀባ ነበር። ሕንድ ውስጥም ድሮ እንዲሁ ነበር፣ ፎቶውን የሚቀቡ ሠዓሊዎች ነበሯቸው። የደብረ ብርሃን ሥላሴን ጣሪያ አስብ፣ መላእክቱን፤ እነዚያን ዐይኖች ያለ ቀይና ቢጫው ማን ይስላቸዋል? ቀለም «ጫጫታ» ነው የሚለው ሰው አያቱ ቤት ግድግዳ ላይ ምን ተሰቅሎ እንደነበር ረስቶታል።

ከፎቶዎቹ አንድ ሁለቱን ልንገርህ። በ1967 ቢሃር ውስጥ ሞንጊር በሚባል ቦታ ያነሳው አለ፤ አራት ሴቶች ክረምቱ ድንገት ይዟቸው ተጠጋግተው ቆመዋል፣ ሳሪያቸው ገላቸው ላይ ተጣብቋል። ያንተን የእንሰት ቅጠል ሴትዮ ሳይ የመጣብኝ እሱ ነው። ሁለተኛው 1991 ላይ ሃውራ ውስጥ እግረኛ መንገድ ላይ መስታወት የሚሸጥበትን ቦታ ያነሳው ነው። መስታወቶቹ ተደርድረዋል፣ እያንዳንዱ የራሱን ቁራጭ መንገድ ይዟል፤ ዐይንህ የቱ እውነተኛው መንገድ፣ የቱ ነጸብራቁ እንደሆነ ለመለየት ይሠራል። በጥቁርና ነጭ ብታደርገው ሁሉም ይደባለቅብሃል። የሚለያያቸው ቀለሙ ነው። ስለዚህ ቀለም ለእሱ ማሳመሪያ አይደለም፤ ክፈፉን ቀጥ አድርጎ የሚያቆመው ምሰሶ ነው።

ሁለተኛ ጥያቄህን በተመለከተ እንዳትደነግጥ፤ ቀድሞሃል። የመጨረሻ ሥራው አምባሳደር መኪና ነው። አምባሳደር የሕንድ መኪና ናት፣ ከእንግሊዝ ሞሪስ ኦክስፎርድ የተወሰደች፤ ከ1950ዎቹ መጨረሻ እስከ 2014 ድረስ ተመርታለች። ታክሲውም፣ ሚኒስትሩም፣ ሙሽራውም በእሷ ነበር የሚሄደው። ራጉቢር ሲንግ ለዓመታት አገሩን በእሷ እየዞረ፣ የበሩን ክፈፍ፣ የጎን መስታወቱን፣ የፊት መስታወቱን ከነቋሚው ፎቶው ውስጥ ማስገባት ጀመረ። አንድ ፎቶ በመኪናዋ አካል ሦስት አራት ቦታ ይከፈላል፣ በየክፍሉ ሌላ ነገር ይሆናል። በሚያዝያ 1999 ኒውዮርክ ውስጥ በልብ ሕመም ሞተ፤ መጽሐፉ ከሞተ በኋላ በ2002 ወጣ። አንተም የምትነዳት የሕንድ ሥሪት ናት፣ ምን ይደረግ!

ስለዚህ ተንኮል ነው ወይ ላልከው፤ አንድ ፎቶ ላይ ተንኮል ነው። ሠላሳ ላይ፣ በየፎቶው ክፈፉ ሌላ ሥራ ከሠራ፣ ሥራ ነው።

ሰውዬህ አንድ ነገር ላይ ግን ሙሉ በሙሉ አልተሳሳተም። የተማሪዎቹ ፎቶ ላይ ሳቹሬሽኑን (የቀለሙን ድምቀት) ጎትተኸዋል። ዩኒፎርሙ ሐምራዊ መሆኑ ቀርቶ ይጮኻል፣ የልጆቹም ቆዳ ብርቱካን ሆኗል። ያ ቀለም ከሀዋሳ አልመጣም፣ ከስልክህ ነው የመጣው። መልሰው። ኮዳክሮም ደማቅ ነው፣ ግን ጥላው እውነተኛ ጥቁር ነው፤ ደማቁን የሚያስከብረው ጥላው ነው። አንተ ደግሞ ጥላውን በኤዲት እያነሳህ ሁሉን እኩል ብሩህ ታደርገዋለህ። አትፍራው፤ የባጃጁ ጣሪያ ሥር ጨለማ ይሁን።

ታቦር ሥር፦

እትዬ፣ እጅ ነስቼ ነው የምከራከርዎ፤ ፎቶ ቤት ሳሉ ጉርድ ፎቶዬን ያነሱኝ እርስዎ ሳይሆኑ አይቀሩም።

«ሕንዳዊ ዓለሙን የሚያየው በቀለም ነው» የሚለው አባባል ጥሩ ንግግር ነው፣ ግን ራጉ ራይን ምን ልናደርገው ነው? ስማቸው ስለሚቀራረብ ብዙ ሰው ያምታታቸዋል። ራጉ ራይም በዚያው በ1942 ነው የተወለደው፣ ዛሬ ፓኪስታን ውስጥ ባለችው ጃንግ። ምህንድስና ተምሮ ወደ ፎቶ የገባ ሰው ነው። ዴልሂ ውስጥ «ስቴትስማን» ጋዜጣ ላይ ሠራ፣ የባንግላዴሽን ስደተኞችና ጦርነት አነሳ፣ በ1972 ፓድማ ሽሪ የተባለውን የመንግሥት ሽልማት ተሸለመ። ካርቲዬ ብሬሶን ራሱ ጠቁሞት በ1977 ማግነም የተባለው የፎቶ አንሺዎች ማኅበር ገባ። ቀለምም ያነሳል፣ ግን ዓለም የሚያውቀው በጥቁርና ነጩ ነው። ከራጉቢር ሲንግ ያነሰ ሕንዳዊ ነው ልንል ነው?

የሕንዷን ከተማ ቦፓልን አስቡ። በፈረንጅ ከታኅሣሥ 2 ለ3 አጥቢያ 1984 ከዩኒየን ካርባይድ ፋብሪካ መርዘኛ ጋዝ አምልጦ በሺዎች የሚቆጠር ሰው ፈጀ። ራጉ ራይ ደርሶ አንድ ሕፃን ሲቀበር አነሳ። ፊቱ ብቻ ከአፈሩ ወጥቷል፣ ዐይኖቹ እንደተከፈቱ ናቸው፣ የሰው እጅ ይነካዋል። ጥቁርና ነጭ ነው። እዚያው ቦታ፣ ያንኑ ሕፃን ፓብሎ ባርቶሎሚዮ የተባለው ሌላ ሕንዳዊ በቀለም አንስቶታል፤ የዚያን ዓመት የዓለም ፕሬስ ፎቶ አንደኛ ሽልማት ያገኘው የእሱ ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጬ አይቻለሁ። በቀለሙ ያ ሕፃን የአንድ ሰው ልጅ ነው፣ ዛሬ ጠዋት የሞተ። በጥቁርና ነጩ ከቀኑም ከቦታውም ወጥቶ ክስ ይሆናል። የቱ ይበልጣል ብላችሁ ብትጠይቁኝ ለእኔ የራጉ ራይ ነው። ግን የሚበልጠው ለዚያ ጉዳይ ነው።

ደግሞ ራጉቢር ሲንግ ራሱ ሆንግ ኮንግ፣ ፓሪስ፣ ለንደን፣ ኒውዮርክ እየኖረ ነው ስለ ሕንድ ዐይን የጻፈው። ለባዕድ እያስረዳ ያለ ሰው ነገሩን ጠንከር ማድረጉ አይቀርም። ተሳፍሮ የሚመጣን ሰው ንድፈ ሐሳብ ተራ ላይ ቆሞ ለሚውል ልጅ እንዳለ ባንሰጠው ጥሩ ነው።

ለባለባጃጁ የምለው፦ የአሞራ ገደሉን በጥቁርና ነጭ አየሁት፤ አባ ኮዳው ብቻውን ገኖ ወጣ። በቀለሙ ልጁና ወፉ እኩል ናቸው። የትኛውን ነው የምትፈልገው? ከዚያ ተነስ።

ጨለማ ክፍል፦

ጉርድ ፎቶህን ያነሳው ባልደረባዬ ነው፣ እኔ ያጠብኩት ነኝ።

ስለ ራጉ ራይ ያልከውን እቀበላለሁ፣ የቦፓሉን ንጽጽርም። ቦፓል የተቀበረ ነገር ነው፤ ለቀብር ጥቁር እንለብሳለን። የባጃጁ ልጅ ግን እየቀበረ አይደለም፤ ተሳፋሪ እየጠበቀ ነው።

ደግሞ አንድ ያላነሳኸው ነገር አለ፤ ለእኔ ከሕንዶቹም የሚብሰው እሱ ነው። ዓለም ስለኛ በጥቁርና ነጭ ያያቸው ታላላቅ ፎቶዎች የትኞቹ ናቸው? የብራዚሉ ሰባስትያኦ ሳልጋዶ በ1984 ኮረም መጠለያ ያነሳቸው ናቸው። ትልቅ ሥራ ናቸው፣ አልክድም፤ ብርሃኑ በጭሱ ውስጥ ሲገባ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ይመስላል። ግን እኔ ያን ዓመት የዚህ አገር ሰው ነበርኩ። ነጠላው ላይ ጥለት ነበረ፣ ሰማዩም ሰማያዊ ነበር። ኢትዮጵያዊ ፎቶ «አርት» የሚሆነው ግራጫ ሲሆን ነው የሚል ሰው ሲገጥመኝ ያ ዐይን ከየት እንደተቀዳ እጠረጥራለሁ። ሰውዬው ክፉ ነው አላልኩም። የተማረበት መጽሐፍ እንደዚያ ነው።

በጥቁርና ነጩ አባ ኮዳው ገነነ ስላልከው፣ እኔን ያስከፋኝ ራሱ እሱ ነው። አባ ኮዳን ብቻውን ገኖ ሀዋሳ የመጣ ቱሪስት ሁሉ አንስቶታል። ልጁን ከእሱ እኩል ያደረገው ማን ነው? የእጁ ላይ ያለው የዓሣ ደም። ትንሽ ናት፣ በስፖኪዮው ጥግ፤ ግን ቀይ ስለሆነች ዐይንህን ከትልቁ ወፍ ነጥቃ ወደ ልጁ ትወስደዋለች። ባለባጃጁ አስቦበትም ይሁን ሳያስብ ይህን አድርጓል። ራጉቢር ሲንግ ዕድሜውን ሙሉ ሲያደርግ የኖረው ይህንን ነው፦ ትልቁንና ትንሹን አንድ ክፈፍ ውስጥ አስገብቶ ለትንሹ ቀለም መስጠት። ካልካታን፣ ባናራስን፣ ቦምቤይን፣ ታሚል ናዱን፣ ታላቁን የግራንድ ትረንክ ጎዳና እየዞረ ለየቦታው መጽሐፍ አወጣ፤ አብዛኞቹ ፎቶዎች ላይ «ዋና ሰው» ፈልግ ብልህ ትቸገራለህ። ጠርዝ ላይ ያለው ውሻና መሀል ያለው ጌታ እኩል ይታያሉ። ሰው ዝርክርክ ነው ሊለው ይችላል፤ እኔ ግን ገበያ እንደዚያ ነው እላለሁ።

ሌላኛው ተራ፦

እኔ ደግሞ አንድ ልጠይቅ፣ ከአርቱ ወጣ ያለ ነው። ተሳፋሪን በመስታወት ሳያውቅ ማንሳት ነውር አይደለም ወይ? እኔ ባለቤቴን አንዱ ሹፌር በመስታወት ቢያነሳብኝ ደስ አይለኝም።

ባለባጃጁ፦

ትክክለኛ ጥያቄ ነው። የማደርገውን ልንገርህ። መጀመሪያ አነሳለሁ፣ ሲወርዱ አሳያቸዋለሁ። አጥፋው ያለኝን ፊቱ አጠፋለሁ። ላክልኝ የሚለው ይበዛል። ተማሪዎቹን ግን ወላጆቻቸውን የማውቃቸው ናቸው፣ አቶቴ ሰፈራችን ስለሆኑ አስፈቅጄ ነው። ከዚህ በኋላ ልጅ ያለበትን ፎቶ ሳላስፈቅድ ላለማሳየት ወስኛለሁ። የዓሣው ልጅም አባቱ አይቶታል፤ «ቢላዋውን ለምን አላሳየህም» ብሎ ተቆጣኝ።

እትዬ፣ በጣም ነው የማመሰግነው። ስለ ደሙ ሳላስብበት ነበር፣ ቀይ መሆኗን እንኳን ያየኋት ቤት ገብቼ ነው። አምባሳደር መኪናዎቹን ኢንተርኔት ላይ ፈልጌ አየኋቸው። አንዱ ላይ የመኪናው በር ተከፍቶ ፎቶውን ለሁለት ሲቆርጠው ሳይ ጠዋት ሥራ ልገባ ቸኮልኩ። ግን አንድ ልዩነት አገኘሁ። እሱ ተሳፋሪ ነው፣ እኔ ሹፌር ነኝ። እሱ ያስቆማል፣ እኔ የሚያስቆመኝን ነው የምጠብቀው። የኔ ፎቶ ላይ ያለ ሰው ሁሉ ወደኔ እያየ ነው፣ ምክንያቱም ባዶ ነህ ወይ እያለኝ ነው።

ታቦር ሥር፣ አንተንም አመሰግናለሁ። የራጉ ራይን ሳየው ሌሊት እንቅልፍ አጣሁ፤ ሁለቱንም እያየሁ ልማራቸው ነው።

አሁን ቸኩያለሁ፣ ሰውዬው መልስ እየጠበቀ ነው። ዘጠኝ ፎቶ ነው የተባልኩት። በቀለም ልሰጠው ነው፤ ቢቀበል ይቀበል። የትኞቹን ልምረጥ?

ታቦር ሥር፦

«ባዶ ነህ ወይ» ያልከውን ለኤግዚቢሽኑ ርዕስ አድርገው። ጨረስኩ።

ጨለማ ክፍል፦

ርዕሱን ወድጄዋለሁ፤ ከእኔ ወገን ስላልሆነ ብቻ አላፈርሰውም።

ምርጫውን እንዲህ አድርግ። የተማሪዎቹን ቀለሙን ከመለስክ በኋላ አስገባ፣ ካልመለስከው ተወው። የዝናቡን ሴትዮ መጀመሪያ ስቀል፤ ሰው ሲገባ መጀመሪያ የሚያየው ክፈፉ የማይገባውን ይሁን፣ ላስቲክ ይሁን ውሃ ይሁን ቆሞ ይጠይቅ። አሞራ ገደሉን ከእሱ አታጠጋው፣ ሁለቱም ጠንካሮች ስለሆኑ ይጋፋሉ። የፍቅር ሐይቅ መንገድ ላይ ማታ ያነሳሃቸው አምስት አሉ፤ ከአምስቱ አንዱን ብቻ፣ ባለ በቆሎ ጥብሷን። ሌሎቹ ላይ ዘርፉ ያው አንድ ቦታ ነው ያለው፣ ምንም አይሠራም፣ ጌጥ ሆኗል። የገብርኤል ሥዕል ያለበትንና ከሥሩ ትራፊክ ፖሊሱ የቆመበትን እንዳትተወው፤ እሱን ሳይ ለብቻዬ ስቄያለሁ። ቀሪውን ራስህ ምረጥ፤ ኤግዚቢሽኑ ያንተ ነው።

ስታሳትም የሚያብረቀርቅ ወረቀት አትውሰድ። ፎቶዎችህ ውስጥ መስታወት ሞልቷል፤ ወረቀቱም መስታወት ከሆነ ሰው የራሱን ፊት ነው የሚያየው። ማት ወረቀት ጠይቅ። አንድ ትንሽ ናሙና አስወጣና ፀሐይ ላይ ይዘኸው ውጣ፣ ከዚያ ጥላ ውስጥ እየው፤ ጥላው ቡናማ ከሆነ ማሽኑ አልተስተካከለም ማለት ነውና ሌላውን ገንዘብ አትክፈል።

ፋይሎቹን ከመታተማቸው በፊት እኔ ልያቸው። ቴሌግራም ላይ እንደ ፎቶ እንዳትልካቸው፣ ጨምቆ ያበላሻቸዋል፤ በፋይል ላክ፣ ወይ ሚሞሪውን ይዘህ በእኛ ሰፈር ስታልፍ ጎራ በል። ሒሳብ አልከፍልም ታዲያ።